ትከሻዎ ሲደርቅ፦ መቼ ማሳረፍ፣ መቼ ማፍታታት፣ መቼ ቀዶ ሕክምና

ነጠላዎን ወደ ኋላ ማጣፋት ካቃተዎ፣ ፀጉርዎን ሲያበጥሩ ክንድዎ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ሌሊት በዚያ ጎን ሲገለበጡ ሕመሙ ከእንቅልፍ ካባነነዎ፣ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ሐኪሞች «ፍሮዝን ሾልደር» የሚሉት የትከሻ መድረቅ ሊሆን ይችላል። የትከሻን መገጣጠሚያ ዙሪያውን ያቀፈ ስስ ከረጢት አለ። ይህ ከረጢት ይቆጣል፣ ከዚያ ይወፍራል፣ በመጨረሻም ይኮማተርና ክንዱን አላላውስ ይላል። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ከቦታውም አልወጣም። አብዛኛው ታማሚ ዕድሜው ከ40 እስከ 60 ዓመት ነው፤ ሴቶች ይበዛሉ።

ሕመሙ ሦስት ወቅቶች አሉት። በመጀመሪያው ሕመሙ ይበረታል፣ ሌሊት አያስተኛም፣ እንቅስቃሴውም በየሳምንቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ይህ ከ2 እስከ 9 ወር ይቆያል። በሁለተኛው ሕመሙ ይረግባል፣ ድርቀቱ ግን ባለበት ይቀመጣል፤ ከ4 እስከ 12 ወር። በሦስተኛው ትከሻው ቀስ በቀስ ይፈታል፤ ይህም ከግማሽ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል። እንግዲህ ክኒን ከመግዛትዎም ሆነ ትከሻዎን ከማሳሸትዎ በፊት «አሁን የትኛው ወቅት ላይ ነኝ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ለአንዱ ወቅት መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነው።

ቤትዎ ሆነው ይፈትሹት

መደቡ ወይም ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። ሁለቱንም ክርኖች ከጎንዎ ጋር ያጣብቁ፤ ክንዶችዎን አጥፈው እጆችዎን ወደ ፊት ይዘርጉ፤ መዳፎችዎ ይተያዩ። አሁን ክርንዎ ከጎንዎ ሳይላቀቅ ሁለቱንም እጆች ወደ ውጭ ይክፈቱ። ጤነኛው እጅ እንደልቡ ወደ ውጭ ሲሄድ የታመመው ፊት ለፊት ተገትሮ ከቀረ፣ ትልቁን ምልክት አግኝተዋል።

ቀጥሎ የቤት ሰው ይጥሩ። የታመመውን እጅ አንጓው ላይ ይዞ፣ እርስዎ ጡንቻዎን ዘና አድርገው ሳለ፣ በቀስታ ወደ ውጭ ይሞክረው። በሌላ ሰው እጅም ከዚያች ነጥብ አላልፍ ካለ ከረጢቱ ተኮማትሯል ማለት ነው። እርስዎ ማንሳት አቅቶዎት ሌላ ሰው ሲያነሳው ግን ክንዱ ያለችግር የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የጅማት መበጠስ ወይም የነርቭ ችግር ሊሆን ይችላል። ይህችን ልዩነት በቃልዎ ይያዙና ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ምርመራውን ታሳጥራለች።

ጎንደሬ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ትከሻው የደረቀ ሰው እስክስታ ሊወርድ ይችላል። የትከሻው መርገፍገፍ በብዛት የሚመጣው ከጀርባ ካለው ሰፊ የትከሻ አጥንት ነው፤ እሱ ደግሞ በዚህ ሕመም አይታሰርም። እንዲያውም ታማሚው ክንዱን ላንሳ ሲል ክንዱ ቀርቶ ትከሻው ወደ ጆሮው ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ሠርግ ቤት ጨፍሬ ነበር ብለው ምርመራውን አይተዉ።

ቶሎ ሐኪም ማየት ያለበት ትከሻ

ትከሻ የሚያመው ሁሉ ፍሮዝን ሾልደር አይደለም፤ ከሚመስሉት መካከል ጥቂቶቹ ጊዜ አይሰጡም።

ዳገት ሲወጡ የሚመጣ፣ ቆመው ሲያርፉ የሚተው የግራ ትከሻ ወይም የደረት ሕመም ከልብ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ደጋ መንገዱ ሁሉ ዳገት ስለሆነ ሰው ይህን ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እርስዎ አይለፉት። ትኩሳት ያለበት፣ ያበጠና የቀላ ትከሻ መግል ሊይዝ ስለሚችል የዚያኑ ቀን ይታያል። ሌሊት የሚያሰምጥ ላብ፣ የክብደት መቀነስ ወይም የቆየ ሳል አብሮ ካለ ቲቢ መታሰብ አለበት፤ ቲቢ ሳንባ ብቻ ሳይሆን የትከሻን መገጣጠሚያም ይይዛል፣ አንዳንዴም ያለ እብጠት ደረቅ ሆኖ ስለሚቀመጥ መልኩ ፍሮዝን ሾልደርን ይመስላል። በጡት ወይም በብብት እብጠት ያለባት ሴት፣ ከዚህ በፊት ካንሰር የታከመ ሰው፣ ሕመሙ ከአንገት ተነስቶ እስከ ጣት የሚያደነዝዘው ሰው፣ ሁሉም ትከሻቸውን ከማሳሸታቸው በፊት ይመርመሩ።

ከበቅሎ የወደቀ፣ የሚጥል በሽታ ያንቀጠቀጠው ወይም ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ደግሞ ትከሻው ወደ ኋላ ወልቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ውልቃት ከፊት ብቻ በተነሳ ኤክስሬይ በቀላሉ ያመልጣል። ያጋጠመዎትን ይናገሩ፣ ከጎንም ይነሳልኝ ይበሉ።

ወጌሻ ዘንድ ልሂድ ወይ?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የለም፤ እኔም ሳልሸሽ እመልሰዋለሁ። በደጋው አገር ሐኪም ሩቅ፣ ወጌሻ ደግሞ ጎረቤት ነው። ብዙዎቹ እጃቸው የለመደ፣ በመንደሩ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሙያቸው የወለቀን መመለስ፣ የተሰበረን መጠገን ነው። በደረቀ ትከሻ ውስጥ የወለቀ ነገር የለም፤ ወደ ቦታው የሚመለስም የለም። የተቆጣ ከረጢት በጉተታ ሲለጠጥ ይበልጥ ይቆጣል። አጥንታቸው በዕድሜ የሳሳ እናቶች ላይ ደግሞ ጉተታ የክንድን አጥንት ሊሰብር ይችላል።

ስለዚህ ድንበሩን እዚህ ላይ ያድርጉት። በለስላሳ ቅቤ ወይም በቅባት በቀስታ ማሸት፣ ሙቀት መስጠት፣ ችግር የለውም፤ ከረጢቱን አያድነውም፣ ያሳርፍዎታል ግን። መጎተት፣ መጠምዘዝ፣ ብብት ውስጥ እግር አስገብቶ መሳብ፣ በቀርከሃ ጠፍንጎ ማሰር፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ በዋግምት መብጣት፣ እነዚህን እንቢ ይበሉ። ወጌሻው የሚያውቁት ሰው ከሆነ «አልወለቀም፣ ደርቆ ነው፤ ሐኪም እንዳይጎተት ብሏል» ካሉት ይረዳዎታል።

ጸበል የሚጠመቁም ካሉ ይጠመቁ፤ የስኳርና የግፊት መድኃኒትዎን ግን ለአንድም ቀን አያቋርጡ።

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ

በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ይህን የምለው ሆስፒታሉን ከሰልፍ ለማዳን ብዬ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ሽፋኑ የሚሠራው ከታች ጀምሮ በሪፈር ሲሄዱ ነው፤ ደረጃውን ዘልለው ጎንደር ቢገቡ ወጪው በራስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደብተርዎ የዓመቱ መዋጮ የተከፈለበት መሆኑን አስቀድመው ይዩ። የዳባት፣ የወገራና የጃናሞራ ሰው ከጤና ጣቢያው ወደ አቅራቢያው ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያስተምር ተቋም ስለሆነ ለዚህ ሕመም የሚያስፈልገው ዋናው ሙያ እዚያው አለ።

ጤና ጣቢያው ላይ ሳይመረመሩ የማይወጡበት አንድ ነገር ስኳር ነው። በማንኛውም ሕዝብ ውስጥ ይህ የትከሻ ሕመም የሚይዘው ከ100 ሰው ከ2 እስከ 5 የሚሆነውን ነው፤ ከስኳር ሕሙማን መካከል ግን ከ10 እስከ 20 የሚሆኑትን ይይዛል። አንዳንዱ ሰው ስኳር እንዳለበት የሚያውቀው ትከሻው ደርቆ ሲመረመር ነው። «እኔ ቀጭን ገበሬ ነኝ፣ ስኳር የከተማ ሰው በሽታ ነው» አይበሉ፤ በጎንደር ዙሪያ ገጠር ቀጫጭንና ድሃ ሰዎችን የሚይዝ የስኳር በሽታ መኖሩን የጎንደር ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ሲያክሙትና ሲጽፉበት ኖረዋል። ምግብ ሳይቀምሱ በጠዋት የተለካ ስኳር 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገምና ይረጋገጣል።

ሁለተኛው እንቅርት ነው። የእንቅርት ዕጢ መድከምም መብዛትም ከትከሻ መድረቅ ጋር ይያያዛል። አንገትዎ ላይ እብጠት ካለ፣ ያለምክንያት ድካም፣ ብርድ መፍራት ወይም የልብ መምታት ካለብዎ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ይጠይቁ።

ኤክስሬዩ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። «ምንም የለብህም» ቢሉዎት አይናደዱ፤ ፍሮዝን ሾልደር ኤክስሬይ ላይ አይታይም፣ ፊልሙ የሚነሳው ሌሎቹን ለማስወጣት ነው። ኤም.አር.አይም ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም።

ሕመሙ በሚበረታበት ወቅት

በዚህ ወቅት ዓላማዎ እንቅልፍ ማግኘትና ያለውን እንቅስቃሴ አለማጣት ነው። ክንዱን ከፍ አደርጋለሁ ብለው አይታገሉ።

ለመተኛት በጀርባዎ ይጋደሙና ከታመመው ክንድ ሥር የታጠፈ ጋቢ ያስገቡ፤ ክርኑ ከጀርባዎ ዝቅ ማለት የለበትም። በጎን ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስድዎ ከሆነ በጤነኛው ጎን ተኝተው ትራስ እንደ ሕፃን ያቅፉ። ትከሻዎን ማታ ማታ ይሸፍኑ። የደባርቅ ብርድ ሕመሙን አላመጣውም፤ ጡንቻን ግን ይጨብጣል፣ ሙቀት ደግሞ ያፍታታል። በሞቀ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ 15 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ስኳር ያለበትና ቆዳው የሚደነዝዝ ሰው ሙቀቱን ሌላ ሰው ይለካለት፤ ሳይታወቀው ይቃጠላል።

ክንዱን በጨርቅ አንገት ላይ አንጠልጥለው አይዋሉ። ያሳርፋል፤ ግን ያደርቃል። ከወገብ እስከ ደረት ያለውን ሥራ በሁለት እጅዎ ይሥሩ፤ አክምባሎ ማንሳት፣ ከቆጥ ዕቃ ማውረድ፣ እንጨት መፍለጥና ጅራፍ ማጮህ ለጊዜው ለሌላ ሰው ይሁን።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ለአብዛኛው ጎልማሳ ደኅና ነው፤ ጉበቱን የሚያመውና መጠጥ የሚያበዛው ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የበለጠ ያሳርፋሉ። ሆኖም ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ። እዚህ ላይ ጾም ይመጣል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው እነዚህን በባዶ ሆድ ቢውጥ ጨጓራውን ይቀጣዋል። ከምግብ በኋላ ብቻ የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክሉ፤ ካልተመቸ የነፍስ አባትዎን ያማክሩ፣ ለታመመ ሰው መላ አላቸው። አይቡፕሮፌንንና ዲክሎፌናክን አንድ ላይ መዋጥ ወይም ክኒኑ ላይ የዲክሎፌናክ መርፌ መደረብ ጥቅሙን ሳይሆን ጉዳቱን ነው የሚያባዛው። ከሱቅ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ «የሪህ» ክኒኖችን ደግሞ አይንኩ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ዴክሳሜታዞን አለ፣ ስኳርዎን ሰማይ ያደርሰዋል።

በትከሻ ውስጥ የሚሰጠው መርፌ

በመጀመሪያው ወቅት ከሁሉ የሚበልጠው ሕክምና ይህ ነው፤ ሰው ግን ፈርቶት ዓመት ሙሉ ይሰቃያል። መቀመጫ ላይ የሚወጋው ማስታገሻ አይደለም። ትራያምሲኖሎን ወይም ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ 40 ሚሊ ግራም፣ ከማደንዘዣ ጋር ተቀላቅሎ በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያው ይገባል። ቁጣውን ያበርዳል፤ እንቅልፍ ይመልሳል፤ በዚያች ፋታ ክንዱን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ድርቀቱ ከጸና በኋላ ቢወጉት ብዙም አይለውጥም፤ ስለዚህ «መጨረሻ ላይ እሞክረዋለሁ» የሚባል ሕክምና አይደለም።

ከመወጋትዎ በፊት ሦስት ነገር ይናገሩ። ስኳር ካለብዎ፣ መርፌው ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንት ያህል ስኳርዎን ከፍ ያደርገዋል፤ መለኪያ ይዘው በየቀኑ ይለኩ፣ ከመጠን በላይ ለወጣ ቁጥር ምን እንደሚያደርጉም አስቀድመው ይጠይቁ። የቲቢ ምልክት ካለ መርፌው ይቆይ። ሁለተኛ ደረጃ የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነና ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሪቶናቪር ከሆነ፣ የመድኃኒት ካርድዎን ሳያፍሩ ያሳዩ። ሪቶናቪር ስቴሮይዱ ከሰውነት እንዳይወጣ አግዶ ፊትን የሚያሳብጥ፣ የኩላሊትን ላዕላይ ዕጢ የሚያደክም ከባድ ጉዳት ያመጣል። ይህን ካልነገሩት ሐኪሙ ትከሻ አይቶ ሊያውቀው አይችልም።

ከመርፌው በኋላ አንድና ሁለት ቀን ሕመሙ ሊጨምር ይችላል፤ ያልፋል። ከሦስተኛው ቀን ወዲያ እየባሰ፣ ትኩሳትና እብጠት እየታየ ከመጣ ግን ወዲያው ይመለሱ። በአንድ ትከሻ ላይ በሳምንታት ልዩነት ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በላይ ባይደጋገም ይመረጣል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ሕክምና አለ፦ መገጣጠሚያውን በጨው ውሃ ነፍቶ የተኮማተረውን ከረጢት ማስፋት። የሚሠራበት ቦታ ከደረሱ ቀዶ ሕክምና ከመወሰንዎ በፊት «ይህን መሞከር ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ።

ማፍታታት፦ በመቋሚያ፣ በነጠላ፣ በግድግዳ

ሌሊቱ ከተሻለና ሕመሙ ዳር ዳር ላይ ብቻ ከቀረ ሁለተኛው ወቅት ገብቷል፤ ዋናው ሥራ አሁን ነው። እንዴት ይሠራ የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሳይጎዳ አይፈታም የሚል ሐሳብ አለ፤ ልኩ ግን ተቃራኒው ነው። በኔዘርላንድ 77 ሕሙማንን ለሁለት ዓመት የተከታተሉ ሐኪሞች በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሕመም በማይደርስበት ልክ በቀስታ ካንቀሳቀሱት መካከል ከ100ው 89 ያህሉ ትከሻቸው ወደ ጤናው ሲቀርብ፣ ሕመምን እየተሻገሩ በብርቱ ከተዘረጋላቸው ግን 63 ያህሉ ብቻ ናቸው እዚያ የደረሱት። መለኪያዎ ይህ ይሁን፦ እንቅስቃሴው ሲሠራ መወጠር ይሰማዎት፤ የቀረው ሕመም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጥፋ። ማታ ካባነነዎ ያን ቀን አብዝተዋል፤ በማግሥቱ ይቀንሱ።

ከሁሉ የቀለለው፣ በመጀመሪያው ወቅትም የሚፈቀደው፣ ማወዛወዝ ነው። በጤነኛው እጅ መደቡን ተደግፈው ጎንበስ ይበሉ፣ የታመመውን ክንድ እንደ ጨርቅ ይልቀቁት፣ በሰውነትዎ እንቅስቃሴ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከዚያም በትንሽ ክብ ያወዛውዙት። አንድ ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ክብደት አይያዙ።

ወደ ውጭ መክፈቻው እንቅስቃሴ ዱላ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ መቋሚያ ካለ ከሱ የተሻለ አይገኝም፤ ርዝመቱም ቅለቱም ለዚህ የተሠራ ይመስላል፣ ሊቃውንቱም አይቆጡም። በጀርባዎ ይጋደሙ፣ በክርንዎና በጎንዎ መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ያድርጉ፣ ክንድዎን አጥፈው መቋሚያውን በሁለት እጅ አግድም ይያዙ። ጤነኛው እጅ መቋሚያውን እየገፋ የታመመውን እጅ ወደ ውጭ ይውሰደው፤ እስከሚወጥር ድረስ ሄደው 10 ሰከንድ ይቆዩ፣ ይመልሱ። 10 ጊዜ። ይህ ከሁሉ በፊት የጠፋ፣ ከሁሉ በኋላም የሚመለስ እንቅስቃሴ ስለሆነ አይሰልቹት።

እንዲሁ እንደተጋደሙ ጤነኛው እጅ የታመመውን አንጓ ይዞ ወደ ራስጌ ያንሳው፤ ጤነኛው ይሥራ፣ የታመመው ይከተል። ለግድግዳው፣ ግድግዳ ፊት ቆመው ጣቶችዎን በደረጃ በደረጃ ሽቅብ ያራምዱ፤ የደረሱበትን በከሰል ምልክት ያድርጉና ቀኑን ይጻፉበት። በየሳምንቱ አንዴ ብቻ ይለኩ። በየቀኑ የሚለካ ሰው ለውጥ አያይም፤ ተስፋም ይቆርጣል። ትከሻዎን ወደ ጆሮ ሳያወጡ መሆኑን የቤት ሰው ይይልዎ።

የጀርባው እንቅስቃሴ ለመጨረሻ ይቆይ። ነጠላዎን በጤነኛው ትከሻ ላይ ወደ ኋላ ይልቀቁት፣ በታመመው እጅ ከወገብ ላይ ጫፉን ይያዙ፣ ከላይ ያለው እጅ በቀስታ ሽቅብ ይሳበው። ሕመም ባለበት ወቅት ይህን አይሞክሩ።

ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ተነስቶ በሳምንት ሁለቴ ጎንደር ፊዚዮቴራፒ መመላለስ የሚችል ጥቂት ነው። ይህን ለባለሙያው በግልጽ ይንገሩት። «ሩቅ ነኝ፣ ቤት የምሠራውን አስተምረኝ» ይበሉ፤ ፊቱ ሠርተው ያሳዩት፣ ያርምዎት፣ አብሮዎት የመጣው ልጅ በስልኩ ይቅረጸው፣ የሚመለሱበትንም ቀን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አድርገው ይያዙ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገድ የሚዘጋበትም ጊዜ አለና በደንብ የተማሩት አንድ ቀን ያልተሟሉ አሥር ቀጠሮዎችን ይበልጣል።

ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው መቼ ነው?

አብዛኛው ሰው እዚህ አይደርስም። ስድስት ወር ያህል ከላይ ያለው በትክክል ተሠርቶ፣ መርፌው ተሰጥቶ፣ ክንዱ አሁንም ከሥራ ካገደዎት ከአጥንት ሐኪሙ ጋር ይመካከሩ። በሚያቃጥለው የመጀመሪያ ወቅት ላይ ሆነው ቅደዱኝ አይበሉ፤ የተቆጣ ከረጢት ሲነካ ጠባሳው ይበረታል።

ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ ሐኪሙ ክንዱን በተለካ ኃይል አንቀሳቅሶ የተጣበቀውን የሚያላቅቅበት ነው። ቆዳ አይቀደድም፣ የሚያስፈልገው የአጥንት ሐኪምና ማደንዘዣ ነው። ከወጌሻ ጉተታ ጋር አንድ እንዳይመስልዎ፦ ጡንቻው ፍጹም ዝሏል፣ ሐኪሙ ክንዱን አሳጥሮ ይይዛል፣ ቅደም ተከተልም አለው። እንዲያም ሆኖ የክንድ አጥንት ሊሰበር፣ ጅማት ሊበጠስ ይችላል፤ አጥንቷ ለሳሳ እናት አይመረጥም። ሁለተኛው በሁለት ወይም በሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ የተኮማተረውን ከረጢት መቁረጥ ነው። ይህ መሣሪያና በሱ የሠለጠነ ሐኪም ይፈልጋል፤ በአገሪቱ የሚሠራባቸው ማዕከላት ጥቂት ናቸው። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍልዎ በዚያ ጊዜ አገልግሎቱ መኖሩን ሐኪሙ ደውሎ እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ።

የትኛው ይሻላል? በ2020 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው የብሪታኒያ ጥናት በ35 ሆስፒታሎች 503 ሕሙማንን ለሦስት ከፍሎ አወዳድሯል፦ በካሜራ የተቀደዱ፣ በማደንዘዣ የተንቀሳቀሱ፣ መርፌና የተደራጀ ፊዚዮቴራፒ ያገኙ። ከዓመት በኋላ ከ48 በሚሰጥ የትከሻ ነጥብ በቅደም ተከተል 40፣ 38 እና 37 ያህል አገኙ። በታማሚው ኑሮ ላይ ይህ ልዩነት እምብዛም አይታይም። ከባድ ጉዳት የገጠማቸው 10 ሲሆኑ 8ቱ በካሜራ ከተቀደዱት ወገን ነበሩ። በሌላ በኩል በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት መካከል በኋላ ሌላ ሕክምና ያስፈለጋቸው ይበዙ ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ ለከብት ሽያጭ የሚያስገድድ፣ ለብድር የሚዳርግ ቀዶ ሕክምና መርፌውና ማፍታታቱ በወጉ ሳይሞከሩ አይገባም።

ከወሰኑ ግን ከቀጠሮው በፊት ማረፊያ ያዘጋጁ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክንዱ የሚንቀሳቀሰው በዚያው ቀን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋል። የተላቀቀው ከረጢት ዝም ከተባለ መልሶ ይጣበቃል። ሆስፒታሉ ባለበት ከተማ ሁለት ሳምንት የሚያሳድርዎ ዘመድ ከሌለ ቀጠሮውን ያዘግዩት፤ ተቀዶ በማግሥቱ ሽቅብ ወደ ደጋ መሳፈር ገንዘቡንም ሕመሙንም ከንቱ ያስቀራል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ሳይስተካከል አይቀደድ፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ውጤቱም ከሌላው ሰው ያነሰ ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለማደንዘዣ ባለሙያው ያሳዩ፤ ከምግብና ከውሃ የሚታቀቡበትን ሰዓት ከእሱ ይቀበሉ፣ ከጾም ልማድ አይውሰዱት። ከወጡ በኋላ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወርድ ፈሳሽ፣ ወይም ክንዱን ወደ ጎን የማንሳት ድንገተኛ ድካም ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ሌላው ትከሻ

የዳነው ትከሻ ተመልሶ መድረቁ እምብዛም ነው። ከ100 ሕሙማን ከ6 እስከ 17 የሚሆኑት ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላው ትከሻቸው ይይዛቸዋል። በዚያኛው በኩል ሌሊት መባነን ከጀመሩና ክርንዎን ከጎንዎ አጣብቀው ሲከፍቱት እጁ ከቀድሞው ካነሰ፣ ወር አይጠብቁ። በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደው ስኳርዎን ያስለኩ፤ የድሮውን ኤክስሬይ፣ የሪፈር ወረቀትና የመድኃኒት ካርድዎን ይዘው ስለ መገጣጠሚያው መርፌ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ።